በመንገድ ዳር የቆመው ዓይን፤ ጥቅሙና ጉዳቱ

ልጆቻችንን ጧት ጧት ወደ ትምህርት ቤት በምናደርስበት መንገድ ላይ አንድ የእግረኛ ማቋረጫ አለ። ነጩ ቀለም ግማሹ ለቋል። የትራፊክ ፖሊሱ በሥፍራው በቆመ ቀን መኪናው ሁሉ ከሩቁ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሾፌሩም በእጁ ምልክት እየሰጠ ሕፃናቱን በጨዋ ደንብ ያሳልፋቸዋል። ፖሊሱ ለሌላ ሥራ የተጠራ ዕለት ግን መንገዱም ያው፥ መኪናውም ያው፥ ሾፌሩም ያው ሆኖ ሳለ ጠባዩ ይለወጣል። ባለፈው ወር አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ደብተሯ ከእጇ ወድቆባት ለማንሣት ጐንበስ ስትል አንድ የጭነት መኪና ፍሬኑን አስጩኾ ከእርሷ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቆመ። ልጅቱ አቧራውን ከደብተሯ አራግፋ ሄደች፤ እኛ ግን ጕልበታችን ተብረክርኮ ከቆምንበት መንቀሳቀስ አቃተን። በዚያች ደቂቃ ያሰብነው፥ «ሕግ በዚህ ሥፍራ የማይተኛ ዓይን ቢኖራት!» የሚል ነበር።

ይህንኑ ለአንድ በመንግሥት ሥራ ላይ ላሉ ወዳጃችን ብናጫውታቸው፥ «ዓይኑስ ተሠርቷል፤ ካሜራ ይሉታል። ነገር ግን የሚያየው የልጅቱን ነፍስ ነው ወይስ የሾፌሩን ኪስ?» ሲሉ መለሱልን። ጥያቄያቸው እስከ ቤታችን ተከተለን። የዛሬው ጽሑፋችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የተሰናዳ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የመሣሪያው ታሪክ ራሱ ያስገርማል። የፍጥነት መያዣ ካሜራ ስሙን ካስጠሩት ሰዎች ዋነኛው ፖሊስ ወይም ዳኛ አልነበረም፤ የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ነበር እንጂ። ሞሪስ ጋትሶኒደስ የተባለው ይህ ሆላንዳዊ በ1953 ዓ.ም. የሞንቴ ካርሎን የመኪና ውድድር አሸንፏል። መለኪያውን በመጀመሪያ የሠራው በመታጠፊያ ላይ የራሱን ፍጥነት ዐውቆ ከዚያ የበለጠ ለመፍጠን ነበር። በ1958 ዓ.ም. ኩባንያ አቋቋመና ለመፍጠን የታሰበው መሣሪያ ፈጣኖችን መያዣ ሆነ። እርሱም ራሱ በገዛ መሣሪያው መያዙን ሳይደብቅ ይናገር ነበር።

አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንደኛው ዐይነት በራዳር የሚሠራ ነው፤ ሞገድ ወደ መኪናው ይልካል፤ ሞገዱ ተመልሶ ሲመጣ የደረሰበትን ለውጥ ለክቶ ፍጥነቱን ያውቃል። ፍጥነቱ ከተወሰነው በላይ የሆነ እንደ ሆነ መኪናውን ከነታርጋው ፎቶግራፍ ያነሣዋል። ሁለተኛው ዐይነት በመንገዱ ላይ በሁለት ሥፍራ ይቆማል፤ መኪናው ከአንደኛው ተነሥቶ ሁለተኛው ዘንድ እስኪደርስ የፈጀበትን ጊዜ ቈጥሮ አማካዩን ፍጥነት ያሰላል። ይህም ካሜራውን ሲያይ ብቻ ፍሬን ረግጦ ካለፈው በኋላ ለሚጋልበው ሾፌር የታሰበ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ቀይ መብራት ጥሶ የሚያልፈውን ይይዛል።

ስለ ጥቅሙ ስንናገር ከፍጥነት እንነሣለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው አማካይ ፍጥነት ከመቶ አንድ እጅ በጨመረ ቍጥር ሞት የሚያስከትል አደጋ ከመቶ አራት እጅ ያህል ይጨምራል። በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና የተመታ እግረኛ በ50 ኪሎ ሜትር ከተመታው ይልቅ የመሞቱ ነገር አራት ተኩል ጊዜ ያህል ይበልጣል። ይኸው ድርጅት በ2023 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በ2021 ዓ.ም. በዓለም ላይ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ መሞታቸውን ገልጧል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች ከማናቸውም በሽታ ይበልጥ የሚገድላቸው ይኸው ነው። እንግዲህ ነገሩ የፖሊስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእናትና የአባት ጉዳይ ነው።

ካሜራው ይህን ሞት ይቀንሳልን? አዎን፥ ይቀንሳል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች መርማሪ ድርጅት በ2010 ዓ.ም. 35 ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመለከት፥ ካሜራ በተተከለበት አቅራቢያ ሞትና ከባድ ጕዳት የሚያደርሱ አደጋዎች ከመቶ 11 እስከ 44 እጅ ቀንሰው አገኘ። በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው የፍጥነት ካሜራ በ1992 ዓ.ም. በለንደን በትዊክናም ድልድይ አጠገብ ተተከለ። ከዚያ በኋላ በ2005 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥቱ ምርመራ፥ በካሜራው ሥፍራዎች የሞቱትና ክፉኛ የቈሰሉት ሰዎች ቍጥር ከመቶ 42 እጅ መቀነሱን ገለጠ። ፈረንሳይም በ2003 ዓ.ም. ካሜራ መትከል ጀመረች። በ2002 ዓ.ም. በዚያች አገር መንገዶች ላይ ከ7 ሺህ በላይ ሰዎች ሞተው ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ግን ቍጥሩ ከ4 ሺህ በታች ወረደ። ይህ ሁሉ በካሜራው ብቻ የተገኘ ነው አንልም፤ ሰክረው በሚነዱት ላይ የተደረገው ቍጥጥርና ሌላውም ድርሻ አለው። ቢሆንም የካሜራው ድርሻ ትንሽ አይደለም።

ሁለተኛው ጥቅም አለማዳላቱ ነው። ካሜራ፥ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። የባለሥልጣኑን መኪናና የአትክልት ጫኙን መኪና በአንድ ዓይን ያያል። ፀሓይ አይመታውም፤ ረኃብ አይፈታተነውም፤ ከመንጃ ፈቃድ ጋራ ተጠቅልሎ የሚሰጠውንም ብር አይቀበልም። ፖሊሱንም ቢሆን በጭስና በፀሓይ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከመቆም አሳርፎ የበለጠ ወደሚያስፈልግበት ሥራ ያሰናብተዋል።

ይህን ያህል ስለ ጥቅሙ ተናግረን እዚህ ላይ ብናቆም ግን አንባቢያችንን ማታለል ይሆንብናል። የጉዳቱን ወገን ደግሞ እንመልከት።

አንደኛ፥ ከካሜራው ጥቅም ላይ ጥቂት መቀነስ ይገባል። ካሜራ የሚተከለው ብዙ ጊዜ አደጋ ከበዛበት ዓመት በኋላ ነው። ልጇ የታመመባት እናት ትኩሳቱ እጅግ በጋለበት ሌሊት መድኃኒት ብትሰጠውና በማግሥቱ ቢበርድለት መድኃኒቱን ታመሰግናለች፤ ትኩሳት ግን ከፍ ካለ በኋላ በገዛ ራሱም መውረዱ አይቀርም። አደጋም እንደዚሁ ነው። በአንዱ ዓመት በዕድል ከበዛ በሚቀጥለው ዓመት ካሜራ ባይኖርም ሊቀንስ ይችላል። ከላይ የጠቀስነው የእንግሊዝ ምርመራ ራሱ ይህን አልሸሸገም። እንዲህም ቢሆን ተቀንሶ የሚቀረው ጥቅም የብዙ ሰው ነፍስ ነው።

ሁለተኛ፥ ካሜራው አንዱን አደጋ ሲከለክል ሌላውን ሊያመጣ ይችላል። በአሜሪካ በ2005 ዓ.ም. የወጣ የመንግሥት ጥናት እንዳመለከተው፥ የቀይ መብራት ካሜራ በተተከለባቸው መስቀለኛ መንገዶች ከጐን የሚደርሰው ግጭት ከመቶ 25 እጅ ገደማ ቀንሷል፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና የፊተኛውን የሚገጭበት አደጋ ግን ከመቶ 15 እጅ ገደማ ጨምሯል። ሾፌሩ መቀጫውን ፈርቶ በድንገት ስለሚቆም ነው። ከጐን የሚደርሰው ግጭት የበለጠ ገዳይ ስለ ሆነ ትርፉ ከጉዳቱ ያመዝናል፤ ነገር ግን ጉዳት የለም ማለት አይቻልም።

ሦስተኛ፥ ቅጣቱ ዘግይቶ ይደርሳል። በአባቶቻችን ዘመን መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» በተባለ ጊዜ እግሩን ሳያነሣ በቆመበት ይቆም ነበር፤ የሕግ ኃይል በዚያችው ሰዓት ይሠራ ነበርና። ካሜራ ግን አይቶ ዝም ይላል። እኛም ይህን በራሳችን አይተናል። በእንግሊዝ አገር ለትምህርት በነበርንበት ጊዜ በሰዓት 30 ማይል በተወሰነበት መንገድ ላይ በተከራየነው መኪና በ36 ማይል ስንሄድ ካሜራ አንሥቶናል። እኛ ያን ጊዜ ምንም አላወቅንም። ደብዳቤው የደረሰን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ በዚህ መካከል በዚያው መንገድ ስንት ጊዜ እንደ ፈጠንን እግዚአብሔር ይወቀው። ፖሊስ ቢያስቆመን ኖሮ በዚያው ዕለት በታረምን ነበር።

የሆነ ሆኖ ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ጠቅሞናል። የአገሩ ደንብ ጥቂት ብቻ የፈጠነ ሰው ከተለመደው ቅጣት ይልቅ የጥቂት ሰዓት ትምህርት እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ገብተን ተቀመጥን። መምህሩ፥ «በ30 ማይል የሚሄድ መኪና ሾፌሩ አደጋውን ካየ በኋላ ፈጽሞ እስኪቆም ስንት ሜትር ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀ። ከመካከላችን ያወቀ አልነበረም። መልሱ 23 ሜትር ነው፤ በ40 ማይል ግን 36 ሜትር ይሆናል። በመካከሉ ያለው 13 ሜትር አንድን የክፍል ሙሉ ልጆች በሰልፍ ያስቆማል። ገንዘቡን ከፍለን ብንሄድ ኖሮ ይህን ቍጥር ዛሬ አናስታውሰውም ነበር።

አራተኛው ጉዳት ለድኻው የሚከብደው ነው። ለባለጠጋው የአንድ ምሳ ዋጋ የሆነ መቀጫ ለታክሲ ነጂው የሳምንት እንጀራ ይሆናል። በፊንላንድ ሕግ ግን ከባድ የፍጥነት ጥፋት የሠራ ሰው እንደ ገቢው መጠን ይቀጣል፤ በ2023 ዓ.ም. አንድ ባለጠጋ 50 ኪሎ ሜትር በተወሰነበት መንገድ በ82 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ተገኝቶ 121 ሺህ ዩሮ ከፍሏል።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው ግን ካሜራው ለገንዘብ የተተከለ እንደ ሆነ ነው። ካሜራ ጉቦ አይቀበልም ብለናል፤ ከካሜራው በስተኋላ ያለው እጅ ግን ይቀበላል። በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የቀይ መብራት ካሜራዎችን ሥራ በኃላፊነት ይመራ የነበረ ሹም መሣሪያውን ከሚያቀርበው ኩባንያ ጉቦ መብላቱ ተረጋግጦ በ2016 ዓ.ም. የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በዚያው ከተማ በ2014 ዓ.ም. ሌላ ነገር ተገለጠ። ቢጫው መብራት 3 ሰኮንድ መቆየት ሲገባው 2 ነጥብ 9 ሰኮንድ ብቻ በቆየበት ጊዜ የተያዙት ሾፌሮች ሳይቀሩ እንዲቀጡ ስለ ተደረገ 77 ሺህ ያህል ተጨማሪ መቀጫ ተጽፎ ነበር፤ እያንዳንዱም 100 ዶላር ነው። ከአንድ ሰኮንድ ዐሥረኛ እጅ ላይ ይህን ያህል ገንዘብ ሲሰበሰብ አንድም ሕፃን ከሞት አልዳነም።

እንግሊዞችም ይህን ፈተና ቀምሰዋል። በ2000 ዓ.ም. በጥቂት አውራጃዎች ተሞክሮ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው ደንብ፥ ካሜራውን የሚያስተዳድሩት ክፍሎች ወጪያቸውን ከመቀጫው እንዲሸፍኑ ይፈቅድ ነበር። ሕዝቡ «ይህ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው» እያለ አጕረመረመ። መንግሥቱም ካሜራው በመሠረቱ ከባድ አደጋ በተደጋገመበት ሥፍራ እንዲተከልና ቢጫ ቀለም ተቀብቶ ከሩቅ እንዲታይ አደረገ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ደንቡን አስቀርቶ የመቀጫውን ገንዘብ ከካሜራው ሥራ ለየው። በሌላ ወገን ደግሞ ካሜራውን ፈጽሞ መተው እንደማይበጅ ታይቷል። የኦክስፎርድሺር አውራጃ የመንግሥት ርዳታ ስለ ተቀነሰበት በ2010 ዓ.ም. ካሜራዎቹን አጠፋ፤ ሾፌሮቹም ፍጥነት ጨመሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት መልሶ አበራቸው።

ሕዝብ ያላመነበት ካሜራ ዕድሜ የለውም። በፈረንሳይ በ2018 ዓ.ም. መጨረሻ የተነሡት ቢጫ ሰደርያ ለባሾች የሚባሉት ተቃዋሚዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ከአገሪቱ ካሜራዎች ከግማሽ የሚበልጡትን ሰበሩ፥ አቃጠሉ፥ ወይም በቀለም አሳወሩ። በሩዋንዳም ሕዝቡ ካሜራውን «ሶፊያ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ በ2021 ዓ.ም. የመቀጫው ብዛት ብዙ አቤቱታ ስላስነሣ ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው የፍጥነቱ ወሰን ከመጠን በላይ ዝቅ ማለቱን በአደባባይ ተናግረዋል። ዩጋንዳም በ2025 ዓ.ም. መኪናዎችን በካሜራ እያየ በራሱ የሚቀጣ ሥርዓት ጀምራ፥ ከሕዝብ በመጣው ቅሬታ ምክንያት ወዲያው በሰኔ ወር ለጊዜው አቋርጣዋለች። ከእነዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ ሰው መቀጣቱን ሳይሆን ያለ አግባብ መቀጣቱን እንደሚጠላ ነው።

እንግዲህ ጉዳዩ በጠረጴዛው ላይ ለሚቀርብለት ሹም እኛ የምናቀርበው አሳብ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ፥ ካሜራው ደም በፈሰሰበት ሥፍራ ይተከል፤ ገንዘብ በሚበዛበት ሥፍራ አይሁን። ቁልቁለት ላይ፥ ቍጥቋጦ ሥር፥ ወይም ወሰኑን የሚያመለክት ሰሌዳ በሌለበት መንገድ የተሸሸገ ካሜራ አዳኝ እንጂ ጠባቂ አይባልም። ሁለተኛ፥ ካሜራውን የሚያቀርበው ነጋዴ ክፍያው በመቀጫው ብዛት አይቈጠርለት፤ ጥፋት ሲበዛ የሚጠቀም ሰው ጥፋት እንዲቀንስ አይተጋምና። ሦስተኛ፥ የተከሰሰ ሰው ፎቶግራፉን የማየት፥ መሣሪያው መቼ እንደ ተመረመረ የመጠየቅና በዳኛ ፊት የመከራከር መብት ይኑረው። በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሌባሻይ የሚባል የሌባ ፍለጋ ነበር። መድኃኒት የጠጣው ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ ከገባበት ቤት ባለቤቱ ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር፤ ልጁን «ምን አይተህ ነው?» ብሎ የሚመረምረው አልነበረም። ምንም ያህል የረቀቀ ቢሆን የማይጠየቅ ምስክር ያው ሌባሻይ ነው። አራተኛ፥ ከየካሜራው ሥፍራ ምን ያህል ሰው ከአደጋ እንደ ዳነና ምን ያህል ገንዘብ እንደ ተሰበሰበ በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገር።

እዚህ ላይ አማርኛ በመማር ላይ ላሉት አንባቢዎቻችን ስለ ሁለት ቃላት እናስታውሳለን። እኛም ይህን ቋንቋ ያገኘነው ከእናታችን ሳይሆን ከመምህራን ስለ ሆነ፥ ተመሳሳይ የሚመስሉ ቃላት ብዙ ጊዜ አደናግረውናል። ግብር ማለት ሰው ሠርቶ ካገኘው ላይ ለመንግሥት የሚከፍለው ነው፤ መቀጫ ማለት ሥርዓት ስላፈረሰ የሚከፍለው ነው። ግብር ሲበዛ ሥራ መብዛቱን ያመለክታል፤ መቀጫ ሲበዛ ግን ጥፋት መብዛቱን ይመሰክራል። ስለዚህ ሁለቱን በበጀት መዝገብ ላይ ደምሮ «ዘንድሮ ገቢያችን አደገ» የሚል ሹም ሒሳቡን ዐወቀ እንጂ ቋንቋውን ገና አልተማረም። መልካም ግብር ሰብሳቢ በየዓመቱ ብዙ ያስገባል፤ መልካም ካሜራ ግን በየዓመቱ እያነሰ የሚሄድ ገንዘብ ያስገባል። በመጨረሻም ምንም ሳያስገባ የቀረ እንደ ሆነ ያን ጊዜ የተተከለበትን ሥራ ፈጸመ ማለት ነው።

ወዳጃችን «የሚያየው የልጅቱን ነፍስ ነው ወይስ የሾፌሩን ኪስ?» ብለው ጠይቀውን ነበር። መልሳችን፥ ዓይኑ ራሱ አይመርጥም፤ የሚመርጡለት የተከሉት ሰዎች ናቸው የሚል ነው። በልጆቻችን ማቋረጫ ላይ ካሜራ ይተከል ብንባል በደስታ እንስማማለን፤ ነገር ግን አስቀድሞ የለቀቀው ነጭ ቀለም ይታደስ፥ የፍጥነቱም ወሰን በግልጽ ተጽፎ ይቁም። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ከዚያ ሥፍራ የሚመጣው ወረቀት ባዶ ሆኖ ቢገኝ «ገንዘቡ የት ገባ?» ብሎ የሚቈጣ ሹም እንዳይኖር እንመኛለን። በዚያ ባዶ ወረቀት ላይ ያልተጻፈው ነገር ደብተሯን አንሥታ፥ አቧራውን አራግፋ፥ ወደ ክፍሏ የገባችው ልጅ ናት።